ልኩ የጠፋ ባርኔጣ

ኪዳነወልድ ከፈለኝ አንድ ራስ ይዞ ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ ባርኔጣ የሰበሰበ ሰው ነው። ዲላ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ስም ሳታወጣለት አታሳልፍም። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከተማው ግን "መምህር" ማለቱን ትቶ "ባርኔጣው" ነው የሚለው። እሱም አልተቀየመም። ዝናብም ሆነ ፀሐይ፣ ከአሮጌ የሱፍ ባርኔጣዎቹ አንዱን ሳይደፋ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

ትምህርት ሲዘጋ ሌላው ሰው ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ እሱ ወደ ቡሌ ይወጣል። እዚያ ብርዱ ሽማግሌዎቹን ባርኔጣ አስለምዷቸዋል፤ ሽማግሌ ሲሞት ደግሞ ልጆቹ ባርኔጣውን ከበር ጀርባ ሰቅለው ይረሱታል። ከዚያ ያጣውን ወናጎ ልባሽ ተራ ይፈልጋል። የሚያመጣው ነገር ሲታይ ባርኔጣ አይመስልም፤ የተረገጠ፣ ብል የበላው፣ ዶሮ የተኛችበት ጨርቅ ነው። ኪዳነወልድ ጓሮ ባለችው ክፍሉ ውስጥ ማንቆርቆሪያ ይጥድና በእንፋሎቱ ላይ እያገላበጠ ያለሰልሰዋል። ከዚያ ከዋንዛ እንጨት በተጠረበ ራስ ላይ አልብሶ በእጁ ይጫነዋል፣ ጠርዙን ያቃናል፣ ሲደርቅ በብሩሽ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያበጥረውና ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። የዋንዛዎቹን ራሶች አናጢ ነው የጠረበለት፤ ትንሽም ትልቅም አሉ፣ መደርደሪያው ላይ ፊት የሌላቸው ተሰልፈው ይኖራሉ። እህቱ ጽጌማርያም ቡና ልታቀብለው ስትገባ ዓይኗን ከእነሱ ታሸሻለች።

"የሞተ ሰው ላብ እያጠብክ ትኖራለህ" ትለዋለች። "አንድ ቀን ባለቤቶቹ ሊጠይቁህ ይመጣሉ።"

"ይምጡ። ንጹሕ ሆኖ ያገኙታል።"

ከቤቱ ባርኔጣ ሁሉ ግን የእሱ ያልሆነ፣ እንዲነካውም ያልተፈቀደለት አንድ ነበር፤ የአባቱ የአቶ ከፈለኝ። አመድማ ነው፣ ጥብጣቡ ጥቁር፣ አናቱ ላይ በሁለት ትውልድ አውራ ጣት የተቦረቦረ ስርጉድ አለው። አያትየው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ግሪካዊ የቡና ነጋዴ ነው የገዙት። አያትየው ሲሞቱ አቶ ከፈለኝ በሠልስቱ ያንን ባርኔጣ ደፍተው ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ፣ ለቀስተኛውን ተቀበሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቤቱ ደንብ ሆነ። አባት ሲሞት የበኩር ልጅ የአባቱን ባርኔጣ ደፍቶ ሠልስት ይቆማል፣ ያየ ሁሉ ቤቱ ራስ እንዳላጣ ያውቃል። ባርኔጣው ለአቶ ከፈለኝ ያለ ምንም ማስተካከያ ነበር ልክ የሆነው፤ ኪዳነወልድም ጎልማሳ ሳለ አንድ ጊዜ ተደብቆ ሞክሮት ልክ ሆኖለታል። "የእኛ ቤት ራስ ልኩ አንድ ነው" ይሉ ነበር አቶ ከፈለኝ፣ ይህንን እንደ ርስት ይኮሩበታል።

የጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ ሥራቸው በረንዳ ላይ መቀመጥ ሆነ። ቤቱ አስፋልቱን ፊት ለፊት ያያል። ከሰዓት በኋላ ወንበራቸው ይወጣል፣ ባርኔጣው ይደፋል፣ የሚያልፈው ሁሉ ሰላምታ ያገኛል። ለቄሱ ያነሳሉ፣ ለባጃጅ ነጂው ያነሳሉ፣ ደብተሩን አቅፎ ለሚሮጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይቀር ያነሳሉ። ልጁ ያውቀኛል እንዴ ብሎ ዞር ዞር ሲል አቶ ከፈለኝ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፍተው ሌላ ሰው ይጠብቃሉ።

በሽታው የመጣው በክረምት ነው። መጀመሪያ ምግብ ጠሉ፣ ቀጥሎ ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ፈለገ። ከሐኪም ሐኪም ተዞረ። የመጨረሻው ሐኪም ኪዳነወልድን ለብቻው ጠርቶ "ወደ ቤት ውሰዷቸው፣ የሚወዱትን አብሏቸው" አለው። ይህን የሰማ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል? ጽጌማርያም አጥሚት አፈላች፣ ጠበል አመጣች፣ ኪዳነወልድ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አጣጥፎ አየ። የሚሠራበት እጅ ያለው ሰው ሥራ ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። የአቶ ከፈለኝ ያ ጥቅጥቅ ያለ ሽበት በመድኃኒቱ ተነቅሎ አለቀ፣ የጆሮ ግንዳቸው ጎደጎደ። ጽጌማርያም መስታወቱን ከክፍላቸው አወጣችው። ለማጽዳት ነው ብላ አልመለሰችውም።

አንድ ፀሐያማ ከሰዓት "ልውጣ" አሉ። ወንበሩ ወጣ። ኪዳነወልድ ባርኔጣውን ከመስቀያው አውርዶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ደፉት፤ ባርኔጣው ቅንድባቸውን አልፎ አፍንጫቸው ላይ አረፈ።

አነሱት፣ አገላብጠው አዩት።

"ይሄ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው አባባ።"

"የኔማ እዚህ ጋ ነው የሚቆመው" ብለው ጣታቸውን ከቅንድባቸው በላይ አደረጉ። "ይሄ ዓይኔን ይጋርዳል። ለውጠኸዋል።"

ኪዳነወልድ የቀለዱ መስሎት ሳቀ። አባቱ አልሳቁም። ዓይናቸው የልጃቸውን ፊት ሳይሆን የጓሮውን ክፍል ነበር የሚያየው።

"ከግድግዳህ አውርደህ የኔን አምጣልኝ። አልቆጣህም።"

ምን ይበል? "ባርኔጣው ያው ነው፣ የከሱት እርስዎ ነዎት" ይበል? ያን ለት አልወጡም። በማግስቱ ኪዳነወልድ ጋዜጣ አጥፎ ከባርኔጣው የውስጥ ቆዳ ጀርባ ወሽቆ አመጣ። አቶ ከፈለኝ ጣታቸውን ሰደው ወረቀቱን መዘው አወጡና ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩት። "የኔ ባርኔጣ ወረቀት አይበላም ነበር" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ከዚያ በኋላ በረንዳው ባዶ ሆነ። አላፊው ሁሉ "ጋሽ ከፈለኝ እንዴት ናቸው?" እያለ ይጠይቃል፣ እሳቸው ድምፁን እየሰሙ አይመልሱም። ባርኔጣ ሳይደፉ አስፋልት ፊት መቀመጥ ለእሳቸው ያለ ሱሪ እንደመውጣት ነበር፤ ዓይን የሚጋርድ የሰው ባርኔጣ ደፍቶ መሳቂያ መሆን ደግሞ ከዚያም የባሰ። በረንዳቸውን በግፍ እንደተነጠቁ ሰው አኮረፉ። የቀራቸው ጊዜ ጥቂት እንደሆነ ከእሳቸው በቀር ሁሉም ያውቃል፤ ያንን ጥቂት ጊዜ ግድግዳ እያዩ ሊጨርሱት ነው።

"እውነቱን ንገራቸው" አለች ጽጌማርያም።

"ምን ብዬ? ራስዎ አነሰ ብዬ? አንቺ ንገሪያቸው።"

ተነሥታ ገባች። ጥቂት ቆይታ ወጣች። ትራሳቸውን አስተካክላ ነው የወጣችው።

ያኔ ነው ኪዳነወልድ ያሰበውን የነገራት። ሱፍ የፈላ ውኃና ግፊት ሲያገኝ ይሰበሰባል፣ ይጠባል። በአነስተኛ ራስ ላይ ካደረቁት በዚያው ይቀራል። ብዙ ባርኔጣ ሳይፈልግ በዚህ መንገድ አበላሽቷል፣ ስለዚህ ሆን ብሎም ማጥበብ ይችላል። መመለስ ግን አይቻልም። ጥቂት ይለጠጥ ይሆናል እንጂ አንዴ የተጨማደደ ሱፍ ወደ ድሮው አይሰፋም።

"ለአንተስ?" አለች ጽጌማርያም።

"ለኔስ ምን?"

"በ..." ብላ ሠልስት የሚለውን ቃል ዋጠችው። በሕይወት ያለ ሰው ቤት ውስጥ አይባልም።

"አሁን ያሉት እሳቸው ናቸው" አላት።

ከዋንዛዎቹ ራሶች ለአባቱ የሚሆን አልተገኘም፤ ሁሉም ይበልጣሉ። እንቅልፍ ሲወስዳቸው በክር ለካቸው፣ ክሩን ይዞ ጓሮ ገባና ትንሹን ራስ በሞረድ ይሞርድ ጀመር። ዋንዛው ዱቄት እየሆነ ጉልበቱ ላይ ሲወርድ የአባቱን ራስ የሚሞርድ መሰለው። እጁን አቆመ፣ አለቀሰ፣ ቀጠለ። የውስጥ ቆዳው ከሱፉ ጋር አብሮ ስለማይጠብ ስፌቱን ፈትቶ አወጣው፤ በሁለት ሰው ላብ ጠቁሮ እንደ ጠፍር ደርቋል። መሳቢያ ውስጥ አኖረው። ከዚያ ባርኔጣውን በፈላው ውኃ ነከረ፣ አሸ፣ ነከረ፣ አሸ። አመድማው ቀለም ወደ ጥቁር ቀረበ። ያ በሁለት አውራ ጣት የተቦረቦረ ስርጉድ በእጁ ስር ሟሟ፤ አዲስ ስርጉድ በራሱ አውራ ጣት ጫነበት። ሲደርቅ ከሌላ ባርኔጣ የወጣ ቆዳ ሰፋበት፣ ጥብጣቡን አሳጥሮ መለሰ። ባርኔጣው አማረ። የልጅ ባርኔጣ መሰለ እንጂ አማረ።

አሁን የቀረው ውሸቱ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ኪዳነወልድም ያልሠራውን ስርቆት ሊያገባ ወደ አባቱ ገባ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለውጬው ነበር። ወናጎ ለአንድ ሰው ሰጥቼው ነበር፣ ይኸው አስመለስኩት።"

አቶ ከፈለኝ ተቀበሉት። በቀጫጭን ጣቶቻቸው ጠርዙን ዳበሱና ደፉት። ከቅንድባቸው በላይ፣ ጣታቸውን ያሳረፉበት ቦታ ላይ ቆመ። ልጁ ጣቶቻቸውን ይከተላል። አዲሱን ስርጉድ ያገኙት ይሆን? ቆዳው ይሸታቸው ይሆን?

"የአባትህን ነገር ለሰው ትሰጣለህ?" አሉት። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። "ይሁን። መልሰሃል። በል አውጣኝ።"

አቅፎ አወጣቸው። ክብደታቸው እንደ ጥጥ ሆኗል። ያን ለት መንገዱ ራሱ የሰማ ይመስል ሰው በሰው ላይ ሆነ። ባጃጆች ጥሩምባቸውን ነፉ፣ የጎረቤት ሴቶች እልል ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው። አቶ ከፈለኝ ባርኔጣቸውን ለሁሉም አነሱ፤ ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ አነሱ። ጋሽ ተሾመም መጡ። የዕድሩ ሰብሳቢ፣ የአባትየው የዕድሜ ልክ ጓደኛ ናቸው፤ በደኅናው ጊዜ በየቀኑ ከዚህ በረንዳ አይጠፉም ነበር።

"አየህ ተሾመ" አሉ አቶ ከፈለኝ። "ከሳ፣ አለቀ ትሉኛላችሁ አሉ። እኔም ሊያሳምኑኝ ነበር። ለካ ይሄ ልጅ ባርኔጣዬን ለውጦት ነው! ዛሬ የራሴን መለሰልኝ። ይኸው ምስክሬ፤ ራሴ ያው ነው። ያልከሳ ራስ ያለው ሰው ይድናል።"

ጋሽ ተሾመ የጓደኛቸውን ፊት አዩ፣ ባርኔጣውን አዩ፣ በመጨረሻ ኪዳነወልድን አዩት። ሌባ እንዴት እንደሚታይ ኪዳነወልድ ያን ለት አወቀ። "እውነትህን ነው ከፈለኝ፣ ምንም አልሆንክም" አሉ ጋሽ ተሾመ፣ ጉንጫቸውን ሳሟቸው። ከዚያም ለዕድሩ ሁሉ ነገሩ፤ ከፈለኝ ይድናል፣ ራሱ እንኳ አልተነካም እያሉ። ኪዳነወልድ በዕድሜው እንደዚያን ቀን ተደስቶ አያውቅም፤ እንደዚያን ቀን አፍሮም አያውቅም።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሕመሙ ሥራውን አላቋረጠም ነበር። አንድ ከሰዓት ባርኔጣው እንደገና ሸርተት ብሎ ቅንድብ ላይ ወረደ፣ ከዚያ ዓይን ላይ። አቶ ከፈለኝ አወለቁት። ይህን ጊዜ አልተቆጡም።

"ደግመህ ለወጥከው?" አሉ፣ ደክሟቸው።

ኪዳነወልድ ባርኔጣውን ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ። ዋንዛውን ሞረደ፣ ውኃ አፈላ፣ ነከረ፣ አሸ። ሱፉ ግን የሚሰበሰበውን ያህል ተሰብስቦ ጨርሷል፤ እንደ ጠረጴዛ ገርሮ እምቢ አለ። በደንብ ቢገፋው ጠርዙ መሰንጠቅ ጀመረ። ብዙ የሞተ ባርኔጣ ያስነሣ እጅ እዚያ ላይ አጠረ። ባርኔጣውን አድርቆ ይዞት ተመለሰና አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም።

አባቱ ከእንቅልፋቸው በነቁ ቁጥር ይጠይቁታል።

"አገኘኸው?"

"እየፈለግሁት ነው አባባ።"

"ቶሎ በል። ሰው እየጠበቀኝ ነው።"

"እሺ።"

ባርኔጣው ጭኑ ላይ ነው። አያዩትም። ቢያዩትም የእሳቸው አይደለም። እንዲህ በእጁ የያዘውን እየፈለገ ሳለ፣ አንድ ጠዋት፣ አቶ ከፈለኝ ሳይጠይቁት ቀሩ።

በሠልስቱ ድንኳኑ በረንዳው ፊት ተተከለ። ጽጌማርያም ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ባርኔጣውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችለት። ድንኳኑ በር ላይ የአባቱ ትልቅ ፎቶግራፍ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ ያ አመድማ ባርኔጣ ከቅንድባቸው በላይ ቀጥ ብሎ፣ ጎፈሬያቸው ከጎኑ ተርፎ። ኪዳነወልድ ባርኔጣውን ደፋ። አልገባም። አናቱ ላይ እንደ እንስራ ክዳን ተቀመጠ፤ በእጁ ካልያዘው ይወድቃል። ይዞት ቆመ።

ለቀስተኛው እየጎነበሰ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ፎቶግራፉን ያያል፣ ከዚያ ገብቶ ይቀመጣል። ሰው በለቅሶ ቤት አይስቅም፤ ቢስቅ ይሻል ነበር። ጋሽ ተሾመ ደረሱ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ባርኔጣውን አዩ።

"የአባትህ ባርኔጣ የታለ?" አሉ።

"ይኸው ጋሽ ተሾመ።"

"ይሄ የከፈለኝ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀውን ዕቃ ልታሳውቀኝ ነው? ቀለሙ ሌላ፣ ልኩ ሌላ። እስቲ ስጠኝ።" ተቀብለው ውስጡን አዩ። "ቆዳው እንኳን የሌላ ሰው ነው።"

"ያው ነው ጋሽ ተሾመ" አለች ጽጌማርያም። "አጥብቦት ነው እኮ።"

"ሹራብ ሲጠብ አይቻለሁ ልጄ። የአባቱን ባርኔጣ የሚያጠብ ሰው ግን አላየሁም። ለምን ብሎ?"

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መልሱን ይጠብቃል። ኪዳነወልድ አፉን ከፈተ። ለምን እንዳጠበበው መናገር ቀላል ነበር፤ አባቴ ከስተው፣ መክሳታቸውን እምቢ ብለው፣ እኔ ባርኔጣውን በልካቸው አሳንሼ አታለልኳቸው ማለት ነው። ያ ምስክር ሐሰተኛ ነበር ማለት ነው። በረንዳው ላይ "ራሴ ያው ነው" ብለው የኮሩት ሰውዬ፣ በዚህ ሁሉ ዕድርተኛ ፊት፣ በሠልስታቸው፣ የተሞኙ ሽማግሌ ሊሆኑ ነው። ፎቶግራፉን አየ። አፉን ዘጋ።

ዝምታውን ጋሽ ተሾመ በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት። ቀስ እያለ ነገሩ ገባቸው፣ ወይም የገባቸው መሰላቸው።

"ያን ለት የራስዎን መለስኩልዎ ብለህ የሰጠኸው ይሄን ነው? ዋናውን ሸጠህ? የሚሞት ሰው ይታለላል፣ ኪዳነወልድ?"

ያልሠራውን ሁሉ ሊክድ ይችል ነበር። መጨረሻ ላይ የተጠየቀው ግን የሠራውን ነው።

"አዎ" አለ። "አታልያቸዋለሁ።"

ጽጌማርያም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሽ ተሾመ ባርኔጣውን ፎቶግራፉ ፊት አኖሩት፣ ሰው የወደቀ ዕቃ እንደሚያነሳ በጥንቃቄ። "እንግዲህ በባዶ ራስህ ቁም" አሉ፣ ገብተው ተቀመጡ። ቆመ። ዲላ "ባርኔጣው" ያለችውን ሰው በባዶ ራሱ ስታየው ያን ለት የመጀመሪያዋ ነበር። የሚመጣው ሁሉ እጁን እየጨበጠ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይለዋል፣ እሱም "አሜን" ይላል፣ ከኋላው ደግሞ ሹክሹክታው ከወንበር ወደ ወንበር ሲሄድ ይሰማዋል።

ሰዉ ሲበተን ጓሮ ገባ። ራሶቹ መደርደሪያቸው ላይ እንደተሰለፉ ናቸው፤ ዳር ላይ ያ በሞረድ ያለቀው ትንሹ ተቀምጧል። መሳቢያውን ሳበ። የድሮው የውስጥ ቆዳ እንዳኖረው ነበር፣ ጠቁሮ፣ ክብ ሆኖ ደርቆ፣ የአያቱንና የአባቱን ላብ እንደያዘ። አንስቶ አሸተተው። ከዚያ ዙሪያውን ማንም እንደሌለ አይቶ፣ ባርኔጣ የሌለውን ያን ቆዳ ብቻ ራሱ ላይ አደረገው።

ልክ ከቅንድቡ በላይ ቆመ።